ከአራት ጨዋታ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ

የሙቀቱ ወራት አልፈው የኻምሲን ነፋስ ጋብ ባለ ጊዜ፥ የጅቡቲ ከተማ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ትጀምራለች፤ አንደኛው የእግር ኳስ ሻምፒዮና ነው፤ ሁለተኛውም በተጫዋቾች ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ሻምፒዮናው ብዙ ወራት ይፈጃል። ፍርዱ ግን ብዙውን ጊዜ አራተኛው ጨዋታ እንደ ተፈጸመ ተጽፎና ታትሞ ያለቀ ይመስላል። ስለዚህ ነገር ጥቂት አሳብ ለአንባቢዎች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል፤ ምክንያቱም ፍርዱ የሚሰጠው በጨዋታ ላይ ቢሆንም የሚያርፈው በሰው እንጀራ ላይ ነው።

ከማሕሙድ ሐርቢ አደባባይና ከሐሙዲ መስጊድ ብዙ በማይርቀው በካርቲየ 1፥ ከቀትር በኋላ ጫቱ ደርሶ ሰው ከየሥራው በሚሰበሰብበት ሰዓት፥ ስለ ኳስ የሚካሄደውን ሸንጎ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በሱማልኛ የተጀመረው ክርክር በዐፋርኛ ይቀጥላል፤ በዐረብኛ ይማልበታል፤ በአማርኛ ይተረትበታል፤ በመጨረሻም ውሳኔው በፈረንሳይኛ ይነገራል። የጉምሩክ ጸሐፊው፥ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፥ የትራንዚት ወኪሉ፥ ከድሬዳዋ የመጣው እንግዳ፥ ሁሉም እኩል ዳኛ ነው። እንዲህ ያለው ሸንጎ በራሱ ደግ ነገር ነው። ሰዎችን ያለ ማዕርግና ያለ ሀብት ልዩነት አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያነጋግር ነገር ብዙ አይገኝምና፥ ይህ ሸንጎ ይበተን የሚል አሳብ ከእኔ ዘንድ የለም። የምናገረው ፍርዱ ስለሚሰጥበት ጊዜና ስለሚሰጥበት ቃል ብቻ ነው።

ሥራዬ የአንዱን ቋንቋ ቃል ወደ ሌላው ማሻገር ስለሆነ፥ በነዚህ ክርክሮች ውስጥ ጆሮዬ የሚያተኩረው በቃላቱ ላይ ነው። ወቅቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት፥ አንድ አጥቂ ጎል ሳያገባ ሲቀር፥ አማርኛ ተናጋሪው «ዛሬ አልቀናውም» ይላል። ይህ ቃል እጅግ የታረመ ቃል ነው፤ በውስጡ የሰውየውን ችሎታ አይነካም፤ ነገሩ በዚያ ቀን ወደ እርሱ እንዳልመጣ ብቻ ይመሰክራል። በሁለተኛው ሳምንት «አሁንም አልቀናውም» ይባላል። በሦስተኛው ሳምንት ቃሉ ይለወጥና «ይኼ ሰው ይችላልን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በአራተኛው ሳምንት ጥያቄው ይቀርና «አይችልም» ይባላል። ከዚያም ፈረንሳይኛ የሚቀናው ሰው «ኑል» ብሎ ይዘጋዋል፤ ትርጓሜውም «ባዶ፥ ከንቱ» ማለት ነው። እንግዲህ በአራት ሳምንት ውስጥ «አልቀናውም» የሚለው ቃል ተጉዞ «ኑል» ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን በመካከሉ አዲስ ማስረጃ የቀረበ እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ የተጨመረው ያው አንዱ ነገር ሦስት ጊዜ ተደግሞ መታየቱ ብቻ ነው።

ይህን በተለይ ለአስተዳዳሪዎችና ለነጋዴዎች መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች አገር ክለብ ማለት ብዙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከንግድ ድርጅት ጋር የተያያዘ ነው። የወደቡ ስም ያለበት ክለብ አለ፤ የቴሌኮሙ ስም ያለበት አለ፤ የሪፐብሊኩ ዘብ ስም ያለበት አለ፤ የጃንደርመሪው አለ፤ አርታ ሶላር 7 የሚባለውም የንግድ ድርጅትን ስም በስሙ ላይ ተሸክሟል። ስለዚህ በአንድ ኤውሮጳ ከተማ ሃምሳ ሺህ ተመልካች ቢያጉረመርም የክለቡ ባለቤት ላይሰማ ይችላል፤ በጅቡቲ ግን በሸንጎው የሚቀመጠው ሰው ራሱ፥ ወይም ወንድሙ፥ ወይም የቢሮ አለቃው የክለቡን ገንዘብ የሚያዝ ሊሆን ይችላል። በካርቲየ 1 ሐሙስ ማታ የተነገረ ቃል እሑድ ጧት ከውል ጋር የተያያዘ ጉዳይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሰፈሩ ልጅ ቢሆን፥ ከዚያ ቃል በኋላ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀራል፤ እናቱም የምትጠብቀው የወር ገንዘብ ይጎድላል። ከያውንዴ፥ ከአቢጃን ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ቢሆን፥ ውሉ አጭር ስለሆነ፥ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። እንግዲህ ፍርዱ እንደ ሸንጎ ጨዋታ የሚቆጠር አይደለም።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው፤ ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ የሚያምነው ሒሳብን ነውና። አንድ በጣም ጎበዝ አጥቂ አለ እንበል፤ በአማካይ ከሁለት ጨዋታ በአንዱ ጎል የሚያገባ። እንዲህ ያለው በየትኛውም አገር በብርቅ የሚፈለግ ተጫዋች ነው። ይህ ሰው በአንድ ጨዋታ ጎል ማግባቱና አለማግባቱ ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር እንደ መጠበቅ ነው። ሳንቲሙን አራት ጊዜ ብትወረውሩት፥ አራቱንም ጊዜ ጎፈር የመሆኑ ዕድል ከ16 አንድ ነው። በጅቡቲ ሻምፒዮና አሥር ክለቦች ይወዳደራሉ፤ ለእያንዳንዱ ክለብ ሁለት አጥቂ ብንቆጥር ሃያ ይሆናሉ። ሃያውም እንዲህ ያሉ ጎበዞች ቢሆኑ እንኳ፥ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች አንድም ጎል ሳያገቡ መገኘታቸው የሚጠበቅ ነገር ነው። ጥፋት አላደረጉም፤ እጣው እነሱ ላይ ወደቀ እንጂ። በየዓመቱም «ኑል» የሚባል አንድ አጥቂ ይገኛል፤ በየዓመቱም ሸንጎው ትክክል የፈረደ ይመስለዋል። ሳንቲሙ ዘጠኝ ጊዜ ከተወረወረ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ዘጠኙንም ጊዜ ጎፈር የመሆኑ ዕድል ከ512 አንድ ነው። ያን ጊዜ አጥቂውን መጠርጠር ይገባል። በአራት ጨዋታና በዘጠኝ ጨዋታ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ከዕድል በቀር ሌላም ብዙ ነገር አለ። ወቅቱ ሲከፈት የጅቡቲ ሙቀት ጨርሶ አልበረደም። በሙቀቱ ወራት ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ከተማ፥ ሰው እንደ ልቡ ሲለማመድ ሊከርም አይችልም፤ ስለዚህ የተጫዋቹ ሰውነት የሚጠነክረው ሻምፒዮናው ከተጀመረ በኋላ ነው። ከደጋ የመጣ ተጫዋች ደግሞ፥ ሳንባው ጠንካራ ቢሆንም፥ የባሕሩን እርጥበት እስኪለምድ ድረስ በሁለተኛው አጋማሽ እግሩ ይከብደዋል። በኤል ሐጅ ሐሰን ጉሌድ ስታዲየም የተነጠፈው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ በተፈጥሮ ሣር ወይም በአቧራ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው የኳሱን አነጣጠርና የፍጥነቱን ልክ እንደ ገና መማር አለበት። ከዚህም ሁሉ በላይ ኳስ የአሥራ አንድ ሰው ሥራ ነው። አጥቂው ጎል አላገባም ሲባል፥ ኳሱን ማን አቀበለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በረኛው ሦስት ጎል ገባበት ሲባል፥ ተከላካዮቹ የት ቆመው ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ደግሞም የመጀመሪያዎቹ አራት ተጋጣሚዎች ከዘጠኙ ሁሉ የበረቱት እንደ ሆኑ ለማወቅ የሚቻለው፥ ዘጠኙ ሁሉ ከታዩ በኋላ ብቻ ነው።

ምሳሌ ሩቅ ሳንሄድ በዚሁ ከተማ እናገኛለን። በኅዳር ወር 2020 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) አሌክሳንደር ሶንግ የተባለው የካሜሩን ተጫዋች ወደ አርታ ሶላር 7 መጣ፤ ይኸው ክለብ በ2021 ሻምፒዮን ሆነ። ያገሩ ሰው ካርሎስ ካሜኒ፥ በኋላም በ2022 የኮት ዲቯሩ ሰለሞን ካሉ ወደዚሁ ክለብ መጥተዋል። በሶንግ መምጣት የተደነቅነው በአርሰናልና በባርሴሎና የተጫወተ ሰው ስለሆነ ነው። ነገር ግን አርሰናል በገባበት በ2005 ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበረ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ከለንደን ተመልካች ብዙ ትችት ደርሶበት፥ በ2007 ለቻርልተን በውሰት ተሰጠ። በዚያ ጊዜ የነበረው የተመልካች ፍርድ የመጨረሻ ፍርድ ቢሆን ኖሮ፥ የሰውየው ታሪክ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። አሠልጣኙ አርሴን ቬንገር ግን መለሰው፤ ቦታውንም አስተካከለለት። በ2011–12 ወቅት ለጓደኞቹ ጎል የሚሆን ኳስ በማቀበል ከታወቁት አንዱ ሆነ፤ በነሐሴ 2012ም ባርሴሎና ገዛው። እኛ በጅቡቲ ያየነው ሰው እንግዲህ በአንድ ወቅት «አይችልም» ተብሎ የነበረው ሰው ነው።

ከዚህም የቀደመ፥ ለሁላችንም የቀረበ ምሳሌ አለ። የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በካርቱም በተደረገበት በ1957 ኢትዮጵያ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባ አንድ ሰው ነበር። በ1959 በካይሮ በተደረገው በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ በግብጽ እንደ ገና 4 ለ 0፥ በሱዳንም 1 ለ 0 ተሸነፈች። ሦስት ጨዋታ ተጫውታ ዘጠኝ ጎል ገብቶባታል፤ አንድም አላገባችም። በአራት ጨዋታ የሚፈርድ ሸንጎ ለዚህ ቡድን ምን ዓይነት ቃል እንደሚመርጥለት መገመት አያዳግትም። በጥር ወር 1962 ግን ዋንጫው በአዲስ አበባ ሲደረግ፥ በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ መሪነት፥ የአሥመራው ተወላጅ ሉቻኖ ቫሳሎ አምበል ሆኖ፥ ያችው ኢትዮጵያ ያችኑ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በዚያውም ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተመርታ ነበር። ተመልካቹ በመጀመሪያው አጋማሽ ፈርዶ ቢወጣ ኖሮ፥ የመንግሥቱ ወርቁን አራተኛ ጎል ሳያይ ወደ ቤቱ በገባ ነበር።

እግር ኳስ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ የኛን ሙቀት ከቶ የማያውቅ ሌላ ጨዋታ እንጥቀስ። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ላይ ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ፤ ተጫዋቾቹ የብረት ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፥ ትንሽ የጎማ ክብ በዱላ እየመቱ ወደ ጎል ይነዳሉ። በዚያ ውድድር በ2019 በተፈጸመው ወቅት አንድ ክለብ 82 ጨዋታ ይጫወት ነበር። ሴንት ሉዊስ ብሉዝ የተባለው ክለብ በጃንዋሪ 3 ቀን 2019 ከ31 ክለቦች ሁሉ የመጨረሻው ነበረ። ደጋፊው ስለ ተጫዋቾቹ የሚናገረው ነገር በካርቲየ 1 ከሚነገረው እንደማይሻል ማሰብ ይቻላል። ወቅቱ ሲጀመር በዋናው ቡድን ውስጥ ቦታ ያልነበረው ጆርዳን ቢኒንግተን የተባለ በረኛ በጃንዋሪ 7 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው ተሰልፎ አንድም ጎል ሳይገባበት ወጣ። በጁን 12 ቀን 2019 ያው ክለብ ቦስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ ስታንሊ ካፕ የተባለውን ዋንጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ። እውነቱን ለመናገር፥ ክለቡ ዝም ብሎ የተቀመጠ አልነበረም፤ በኅዳር ወር አሠልጣኙን ለውጦ ነበር። ዋና ዋናዎቹን ተጫዋቾች ግን አልበተነም። ዋንጫውን ያነሡት በአመዛኙ በታኅሣሥ ወር «አይረቡም» ይባሉ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

በዚህ ጊዜ አንድ ነጋዴ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ «እኔ ከውጭ አገር ያስመጣሁት ጭነት የተበላሸ እንደ ሆነ ወደቡ ላይ ከፍቼ ባየሁበት ሰዓት አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ሳምንት አልጠብቅም። ገንዘብ የሚከፍል ሰው ለምን ይታገሣል?» ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ነገር ግን የተበላሸ ሩዝ ብልሽቱ በራሱ ውስጥ ነው፤ በአጠገቡ የተቀመጠው ጆንያ ጥሩ ኳስ ስላላቀበለው አይበላሽም፤ የሰው ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ይኸው ነጋዴ ራሱ አዲስ ሱቅ ሲከፍት፥ በመጀመሪያው ወር ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ በሩን አይዘጋም፤ ደንበኛ እስኪለምድ ድረስ ሒሳቡን እየጻፈ ይጠብቃል። አስተዳዳሪውም አዲስ ጸሐፊ ሲቀጥር የሙከራ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደብዳቤ ስለ ተሳሳተ ማኅደሩን አይዘጋም። በቢሮና በሱቅ የምንጠብቀውን ሥርዓት ስታዲየም በር ላይ ስንደርስ የምንጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

ትዕግሥት ማለት ግን ዓይንን መጨፈን አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊፈረድባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ተጫዋቹ በልምምድ ሰዓት ይገኛልን? ኳስ ሲነጠቅ ተመልሶ ይሮጣልን ወይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማልን? አሠልጣኙ የሰጠውን ቦታ ይጠብቃልን? ጓደኛው ሲሳሳት ይጮኽበታልን ወይስ ይሸፍነዋልን? ከዳኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ቡድኑን በአሥር ሰው ያስቀራልን? እነዚህ ነገሮች በዕድል ላይ የተመሠረቱ አይደሉም፤ በሰውየው ፈቃድ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አራት ጊዜ ከልምምድ የቀረ ሰው፥ አራት ጊዜ አልቀናውም አይባልም። በዚህ ላይ ሸንጎው ቢፈርድ ፍርዱ ትክክል ነው። የሚያሳዝነው ግን፥ ብዙ ጊዜ በነዚህ በሚታወቁት ነገሮች ላይ ዝም እንላለን፤ በዕድል ላይ ባሉት ነገሮች ግን እንጮኻለን። ሰነፉ በአጋጣሚ ሁለት ጎል ሲያገባ ትከሻችን ላይ እንሸከመዋለን፤ ትጉው ኳስ በብረት ሲመለስበት እናዋርደዋለን።

ስለ ውዳሴም አንድ ቃል ልጨምር። የችኮላ ምስጋና ከችኮላ ነቀፋ የሚያንስ ጥፋት አይደለም። በመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ጎል ያገባውን ልጅ በማግሥቱ «የአገሩ ተስፋ» ካልነው፥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጨዋታ ሲሳነው እንደ ከዳን እንቆጥረዋለን፤ እርሱ ግን የገባልን ቃል አልነበረም። ቃሉን የገባንለት እኛው ነን። ስመ ጥር ተጫዋች ከውጭ ሲመጣም እንደዚሁ ነው፤ በሥዕል ያየነውን የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ በሠላሳ አራት ዓመቱ ሜዳ ላይ እንፈልገዋለን፤ ባናገኘው ደግሞ እንዳታለለን እንናገራለን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት በነቀፋም በምስጋናም የሚሠራ ነው።

እንግዲህ ነቅፎ ብቻ መተው ስለማይገባ፥ ለክለብ ኃላፊዎችና ለገንዘብ ሰጪዎች አንድ ቀላል አሳብ አቀርባለሁ። አሥሩ ክለቦች እርስ በርሳቸው አንድ ጊዜ ተገናኝተው የመጀመሪያው ዙር እስኪፈጸም፥ ማለት እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ጨዋታ እስኪጫወት ድረስ፥ ስለ ማንኛውም ተጫዋች ችሎታ የውልና የደመወዝ ውሳኔ አይሰጥ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን ለእያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ነጋዴ መዝገብ ሦስት ዐምድ ያለው ደብተር ይያዝለት። በመጀመሪያው ዐምድ የሠራው ይጻፍ፤ ስንት ኳስ ነጠቀ፥ ስንት ጊዜ ለጓደኛው የጎል ዕድል ፈጠረ፥ ስንት ጊዜ ጎል ሊያገባ በሚችልበት ቦታ ተገኘ። በሁለተኛው ዐምድ ያገኘው ይጻፍ፤ ጎልና ውጤት። በሦስተኛው ዐምድ ጠባዩ ይጻፍ፤ ልምምድ፥ ሥነ ሥርዓት፥ የዳኛ ካርድ። ከዘጠኝ ጨዋታ በኋላ የመጀመሪያው ዐምድ ሙሉ ሆኖ ሁለተኛው ባዶ የሆነ ተጫዋች፥ ያልቀናው ሰው ነው፤ ይጠበቅ። ሁለተኛው ሞልቶ የመጀመሪያው ባዶ የሆነ፥ የቀናው ሰው ነው፤ ብዙ አይታመንበት። ሦስተኛው ዐምዱ የተበላሸውን ግን ዘጠነኛው ጨዋታ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ ሥራ አንድ ደብተር፥ አንድ እርሳስና አንድ የታመነ ጸሐፊ ብቻ ይፈልጋል፤ ከድርጅቶቻችን መካከል እነዚህን ሦስቱን የሚያጣ ያለ አይመስለኝም።

ለሸንጎው ደግሞ የምለምነው ከዚህ ያነሰ ነው። ክርክሩ ይቀጥል፤ ሳቁም ይቀጥል፤ ስለ ዳኛውም ቢሆን እንደ ወትሮው ይነገር። ነገር ግን የመጀመሪያው ዙር እስኪያልቅ ድረስ «ኑል» የሚለው ቃል ይቆየን። አማርኛችን ለዚህ ጊዜ የሚሆን የራሱ ቃል አለው፤ ማንንም አያዋርድም፤ እውነትንም አይደብቅም። አራት ጨዋታ ያለ ጎል ያሳለፈው ልጅ ነገ በካርቲየ 1 በኩል ሲያልፍ ሰው ስለ እርሱ ቢጠየቅ፥ «ገና አልቀናውም» ይበል። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው እስካሁን የለምና።